ለወጣቶቻችን የትኛውን የታሪክ ልብ ወለድ እንስጥ?
ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ጣናን የሚያቋርጥ ሰው ብዙም ሳይርቅ በቡና ዛፍ የተሸፈነውን የዘጌን ልሳነ ምድር ያገኛል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ የሚሄደው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ለማየት ነው። ዘጌ ግን በሌላም ነገር ልትታወስ ይገባታል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ የሚባለው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለደው በዚያ ነው። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በሮም ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ የምንጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜም ከዚሁ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ የመጀመሪያ መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው ቢባል የጀብዱ ታሪክ ነው። በጦርነት ድል ሆኖ የተማረከ የጦር አለቃ፣ ለማያውቀው ሰው ቤዛ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ ነጋዴ፣ ያን ቸርነት ለመመለስ ነጋዴውን ሲፈልግ ራሱ ለባርነት የሚሸጥ ልጅ፣ መንታ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትወጣ እኅት አሉበት። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ የተወለደው በመንገድ ላይ፣ በፍለጋና በአደጋ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ወጣቶቻችን የጀብዱንና የጥንት ዘመንን ታሪክ መውደዳቸው ከውጭ የመጣ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በየቁምስናው ከወላጆች የሚሰማው አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ልጄ የሚያነብ ከሆነ እውነተኛ ነገር ያንብብ» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ከቅን ልብ የመነጨ ስለሆነ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ቢሆንም ጌታችን ራሱ ለሚሰሙት ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስለሚወርድ፣ ወንበዴዎች ስለ ደበደቡት መንገደኛ ሲነግራቸው የሰውየውን ስምና የትውልድ አገር አልነገራቸውም። ያ ታሪክ በውል የተፈጸመ መሆኑን ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዳገኘ ተረዳ። በቀኖናችን ያለው መጽሐፈ ጦቢትም ቢሆን ለልጆች ሲነበብ እንደ ጀብዱ ታሪክ ይደመጣል፦ አባቱ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለማምጣት ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ወጣት፣ ማንነቱ ያልታወቀ የመንገድ ጓደኛ፣ ከወንዝ ዘሎ የሚወጣ ዓሣ፣ ከኋላ የሚከተል ውሻ። የዘጌው ደራሲ ለጀግናዪቱ የሰጣት ስም ሕዝቡ አገሩን በቁልምጫ «ጦቢያ» እያለ ከሚጠራበት ስም ጋር አንድ ነው፤ ከጦቢት ልጅ ከጦብያ ስም ጋርም ይገጥማል። መምህራን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ቢያስነብቡ መልካም ጨዋታ ይወጣዋል።

ከቅዱሳንም መካከል የጀብዱ መጻሕፍት አፍቃሪዎች ነበሩ። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ እንዲያመጡለት የጠየቀው የፈረሰኞችን የጀብዱ መጻሕፍት ነበር። በቤቱ ስላልተገኙ የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ታሪክ የያዙ መጻሕፍት ሰጡት። ያን ጊዜ ጀብዱ የለመደው ልቡ «ፍራንቸስኮስ ያደረገውን፣ ዶሚኒኮስ ያደረገውን እኔስ ባደርግ?» ወደሚል አሳብ ተዛወረ። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ደግሞ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር እነዚያኑ መጻሕፍት አባቷ እንዳያይ እየተደበቀች ታነብብ እንደ ነበረ ራሷ ጽፋለች፤ በኋላ ግን ጊዜዋን እንዳባከነችባቸው ነው የምትቈጥረው። ሁለቱን ምስክሮች አብረን ልንይዛቸው ይገባል። የጀብዱ መጽሐፍ ልብን ለትልቅ ነገር ያዘጋጃል፤ ደግሞም ልብን በከንቱ ሊበትን ይችላል። የሚለየው በመጽሐፉ ዓይነት፣ ከዚያም በላይ አብሮ በሚያነብበው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሐምሌ 2024 ሥነ ጽሑፍ በሰው አስተዳደግና ሕንጸት ውስጥ ስላለው ቦታ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። በመጀመሪያ ያሰቡት ለካህናት ደቀ መዛሙርት ነበር፤ ነገር ግን ለሁሉም ክርስቲያን እንደሚሆን በዚያው ተናግረዋል። በወጣትነታቸው እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 በአርጀንቲና ሳንታ ፌ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ የታዘዘውን የኤል ሲድን ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም ከማንበብ ይልቅ የዘመናቸውን ደራሲ ሲመርጡ እንዳልከለከሏቸው፣ ጥንታዊውን በቤታቸው እንዲያጠኑት ትተው በክፍል ውስጥ ከወደዱት እንደ ጀመሩ ይተርካሉ። ለእኛም ትልቅ ምክር አለበት፤ ወጣቱ በእጁ ከያዘው መጽሐፍ መጀመር ይሻላል።

በባሕር ዳር ወጣቶች እጅ ምን አለ ብለን ብንጠይቅ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ከተነበቡት አንዱ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። የጣናን ገዳማት ከስለላና ከጠፈር ሳይንስ ጋር አያይዞ ገጽ ከገጽ እያስነጠቀ የሚሄድ ታሪክ ነው። አዋቂዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን አልንቀውም። መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ ወጣት በአንድ ሳምንት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሲጨርስ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ጕድለቱ ሌላ ነው፦ የምናውቃቸው ደሴቶችና ገዳማት ስማቸው ስለሚነሣ፣ ያልበሰለ አንባቢ የተፈጠረውን ከተፈጸመው መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ካነበበ ልጅ ጋር የሚደረገው ውይይት «ደራሲው ከየት ጀምሮ ፈጠረ?» ከሚለው ጥያቄ ቢነሣ ይጠቅማል። ጥያቄው አንድ ጊዜ ከተለመደ ወደ ሌሎቹ የታሪክ ልብ ወለዶች ሁሉ ያገለግላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ የታሪክ ልብ ወለድ ውስጥ ከማንም ይልቅ የገነነው ጀግና ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጎንደር የተወለደው ጋዜጠኛና ደራሲ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተመ። በባሕር ዳር አቅራቢያ በአቸፈር የተወለደውና በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው አቤ ጉበኛ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አወጣ። ሁለቱም በአገራችን ልጆች የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም ቋራን፣ ጎንደርንና ደብረ ታቦርን ልጁ ከሚያውቀው መሬት አንሥተው ወደ ጥንቱ ዘመን ይወስዱታል። ብርሃኑ ቀለል ባለና በሚፈስ ቋንቋ ስለጻፈ መጀመሪያ እርሱን መስጠት ይቀልላል። የአቤ መጽሐፍ ዳጎስ ያለ ስለሆነ ማንበብ ለለመደ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚያነብቡም የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ የቴዎድሮስ ታሪክ፣ እንዲሁም ኤልሳቤጥ ሌርድ ለልጆች ስለ ልዑል ዓለማየሁ በ2012 የጻፈችውን መጽሐፍ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ልዑሉ በመቅደላ አባቱ ከሞቱ በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በ1879 በዚያ የሞተ፣ በዊንድዘርም የተቀበረ ነው፤ ዐፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ዕድሜው ከእነርሱ ዕድሜ ጋር ስለሚመሳሰል ልጆች ይህን ታሪክ በተለየ ስሜት ያነብቡታል።

ታዲያ ካቶሊካዊ የሆነ መምህር ቴዎድሮስን ለልጆቹ ሲሰጥ አንድ ነገር ሳያነሣ ሊያልፍ አይችልም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የእኛው የጎጃም ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በዲቦ ተወለዱ፤ በመርጡለ ማርያም መነኰሱ፤ በጎንደርም የታወቁ ሊቅ ሆኑ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሄደው ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ፤ ከካይሮም እስከ ሮም ደረሱ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1851 ክህነት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ ምክር አሠሯቸው። ደ ያቆቢስ ከአገር ተባረሩ፤ ሽማግሌው መነኩሴ ግን ብዙ ከተገረፉ በኋላ በሰንሰለት ታሥረው ከሠራዊቱ ጋር ሲጓዙ በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን አወጀች።

እንግዲህ አንድ ልጅ በቅዳሜ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አንብቦ በጀግናው ፍቅር ተቃጥሎ ይመጣል፤ በእሑድ ደግሞ የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ይሰማል። ምን ይሁን? አንዳንዶች «እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ባናስነብብ ይሻላል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁ ከጓደኞቹ እንዳይለይ ፈርተው የሰማዕቱን ታሪክ በሹክሹክታ ይናገራሉ። ሁለቱም መንገዶች ልጁን ይጎዱታል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ከአገሩ ሥነ ጽሑፍ ይለየዋል፤ ሁለተኛው እምነቱን እንደ ነውር እንዲሸሽገው ያስተምረዋል። ይልቅስ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥለት። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ፣ በጋፋት መድፍ ያሠራ፣ በመቅደላ እጅ ላለመስጠት የሞተ ንጉሥና አንድን ሽማግሌ መነኩሴ በሰንሰለት የጎተተ ንጉሥ አንድ ሰው መሆኑን ልጁ ይይ። ሰው በአንድ ፊቱ ብቻ እንደማይታወቅ የታሪክ ልብ ወለድ ያህል የሚያስተምር ነገር ጥቂት ነው። ደራሲው የጀግናውን ልብ ከውስጥ ያሳየዋል፤ መምህሩ ደግሞ በጀግናው እጅ የተጎዳውን ሰው ልብ ያስታውሰዋል።

ይህን ማድረግ የምንችለው ግን በራሳችንም ላይ ስናደርገው ነው። ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ በዚሁ በጣና ዳር አለ፤ በዚያ ታሪክ አሳዳጁ ንጉሥ የእኛን እምነት የተቀበለው ነው። ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን ያዩ፣ በጎርጎራ የሠሩና በ1622 በዚያው ያረፉ፣ አማርኛና ግዕዝ የተማሩ አስተዋይ ሰው ነበሩ። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን ጥንታዊ ግንብ እርሳቸው እንዳሠሩት ይነገራል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የአገሩን ሥርዐት በኃይል ለመለወጥ፣ ሕዝቡን እንደገና ለማጥመቅ፣ ካህናቱንም እንደገና ለመሾም ሞከሩ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ከተደረገው እጅግ ከከፋው ጦርነት በኋላ ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

በዚያ ዘመን የሱስንዮስ መኰንን የመልክአ ክርስቶስ ባለቤት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ ወጥታ፣ ተይዛ፣ ተግዛ፣ በጣና ዙሪያ የገዳም ማኅበራት መሥርታ በ1642 ዐረፈች። በ1672 የተጻፈው ገድሏ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቅድስት መጽሐፍ ይነበባል፤ በ2015 በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሟል። ገድል ስለሆነ ከልብ ወለድ ጋር ልናደባልቀው አይገባም። ይሁን እንጂ በሌሊት ከቤት የወጣች ሴት፣ ስደትና የጀልባ ጉዞ ያለበት ታሪክ ስለሆነ ማንኛዋም ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እስከ መጨረሻው ሳታስቀምጠው ታነብበዋለች። በዚያ ገድል ውስጥ የእኛ ወገን አሳዳጅ ነው። ካቶሊካዊት ልጅ ይህን ስታነብ መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ መደንገጧም ተገቢ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የቤተ ክርስቲያን ልጆች እውነትን በኃይል ለማስፋፋት ስለ ሠሩት በደል በይፋ ይቅርታ መለመናቸውን በዚህ ቦታ ላይ መንገር ያስፈልጋል። የአባ ገብረ ሚካኤልን ሰንሰለት የሚያስታውስ ሁሉ የወለተ ጴጥሮስንም ግዞት ማስታወስ አለበት። በጎረቤታችን ልጅ ፊት ሳናፍር ስለ ሰማዕታችን ለመናገር የሚያስችለን ይህ ብቻ ነው።

(በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የኢየሱሳውያኑ ጉዞ በእንግሊዝ አገር አንድ ልብ ወለድ አስወልዷል። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበሩት አባ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፉትን የጉዞ ታሪክ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ ተረጐመ፤ በ1759 ደግሞ ከደስታ ሸለቆ አምልጦ ዓለምን ለማየት ስለሚወጣ ስለ ሐበሻው ልዑል ራሴላስ ጻፈ። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ወደ አማርኛ መልሶታል። ጀብዱው ጥቂት፣ ንግግሩ ብዙ ስለሆነ ለትንንሾቹ አይመከርም፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለጨረሰና «ከእንግዲህ ምን ልሁን?» እያለ ለሚተክዝ ወጣት ግን ይስማማዋል።)

ወደ «ጦቢያ» ስንመለስ፣ ይህንኑ ሚዛን በደራሲውም በመጽሐፉም ላይ መጠቀም ይቻላል። አፈወርቅ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከጣሊያኖች ጋር ተባብሮ «አፈ ቄሣር» የተባለ፣ ከነጻነት በኋላም ወደ ጅማ ተግዞ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓይኑ ጠፍቶ በዚያ የሞተ ሰው ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው መጽሐፉን ለምን እናነባለን?» ይላሉ፤ ጥያቄውን መምህሩ ፈጥኖ ባይመልሰው መልካም ነው። በመጽሐፉ ውስጥም ክርስቲያን ያልሆኑት ወገኖች ጨካኞች ሆነው የሚሳሉበት አለ፤ ንጉሣቸውም በመጨረሻ እምነቱን ለውጦ ጦቢያን ያገባል። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያና በአንድ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ እየኖርን ይህን ክፍል ያለ ውይይት ማለፍ አይገባም። ለትዳር ሲባል የሚደረግ የእምነት ለውጥ ነጻ ሊሆን ይችላልን? በከፍተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ከዚህ የተሻለ የጋብቻ ትምህርት መግቢያ አላገኘሁም። ለማያውቀው ሰው ገንዘቡን የሰጠውን ነጋዴ ግን ማንም አይረሳውም፤ «ቤዛ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት ለሚቸገር መምህር ይህ ክፍል ብቻ ይበቃዋል።

ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ፣ በተለይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ በኋላ፣ ያልሰማው የለም። ብዙዎች የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገው ይወስዱታል። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህር ግን ሌላ በር አለው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተሳሉበት፤ ሳያገባ በቤተ ክርስቲያን እንዲኖር ስእለቱ በእርሱ ላይ ተጫነ። ልጆቻቸው ካህን ወይም ደናግል እንዲሆኑ በሚመኙ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ይህ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ማንኛውም ምእመን የሕይወቱን ጥሪ ሲመርጥ ከማስገደድ ሁሉ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ሕጉን አንብቦ ከማስረዳት ይልቅ ከበዛብህ ጋር ከማንኩሳ ተነሥቶ እስከ ዲማ መጓዝ ነገሩን በልብ ያሳድረዋል። ለዐሥራ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ቅኔውም ሐዘኑም ይከብዳል።

ከትርጕም ሥራዎች መካከል ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ የመለሰው የቪክቶር ሁጎ «ሌ ሚዜራብል» በእያንዳንዱ ቁምስና ቢኖር እመኛለሁ። ከእስር የወጣው ዣን ቫልዣን የብር ዕቃ ሰርቆ ሲያዝ ጳጳሱ የብር መቅረዞቹንም ጨምረው የሚሰጡበት ክፍል ስለ ምሕረት ከተሰጡ ብዙ ስብከቶች ይበልጣል። ሣህለ ሥላሴ በራሱ ድርሰት «ባሻ ቅጣው» ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ዘመን ያሳያል። የማርጋሬት ሚቸል የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ልብ ወለድ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ይታወቃል። ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጽፎት በቁርጥራጭ ከእስር ቤት እንዲወጣ አድርጓል። ታሪኩ ባርነትን አሳምሮ የሚያሳይበት መጥፎ ጠባይ አለው፤ ይህም ለልጆች ሊነገራቸው ይገባል። የተተረጐመበት መንገድ ግን ራሱ አንድ የጀብዱ መጽሐፍ ይወጣዋል። የውጭ ቋንቋ ለሚያነብቡ የማንዞኒን «እጮኛሞቹ» እመርጣለሁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእጮኛሞች ሁሉ እንዲያነብቡት የመከሩት መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከ1628 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ ማለትም በጣና ዳር የሱስንዮስ ጦርነት በሚነድድበት ዘመን በሚላኖ አካባቢ ነው። ረኀብ፣ ወረርሽኝ፣ ፈሪ ቄስና ደፋር ካርዲናል አሉበት።

አንድ ከባድ ነገር ሳይነሣ መቅረት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ብዙ ልጆችን ከቤት አውሏል። መጽሐፍ ለእነዚህ ልጆች ከመዝናኛ በላይ ነው፤ ለአንዳንዱ በዚያ ዓመት ያገኘው ብቸኛ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጀብዱ መጻሕፍት ጦርነትን ያጣፍጣሉ። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሚተኛ ልጅ የፈረሰኛና የሽለላ ገጽ ሲያነብብ የሚሰማው ስሜት ሰላም ባለበት አገር ካለ ልጅ ስሜት የተለየ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ መጽሐፍ ስንመርጥ ድሉን ብቻ የሚያሳየውን ወደ ጎን ትተን፣ ከድሉ በኋላ በቤቱ ማን እንደ ጎደለ የሚጠይቀውን እናስቀድም። የብርሃኑን መጽሐፍ ከሌሎቹ በፊት ያስቀመጥኩት በቋንቋው ቅለት ብቻ አይደለም፤ በርእሱ ላይ የጀግናውን ሰይፍ ትቶ ዕንባውን ስላስቀደመ ጭምር ነው። ወንድሙ ወይም አባቱ የሞተበት ልጅ በመካከል ካለ መምህሩ አስቀድሞ ለብቻው ያነጋግረው፤ የጦርነት ምዕራፍ በጉባኤ ከመነበቡ በፊት ልጁ ለመቅረት ቢፈልግ ምክንያት ሳይጠየቅ ይተውለት።

ስለ አነባበቡም ጥቂት ልበል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ቢሆንም ችግር የለውም፤ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌሎቹ ቢሰሙ ይሻላል፤ አማርኛ በጆሮ ሲገባ ይጥማል። በክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። በሚጣፍጥበት ቦታ ላይ ማቆም ልማድ ቢሆን ለሚቀጥለው ሳምንት ማንም አይቀርም። ከተነበበው በኋላ መምህሩ ትምህርቱን ቶሎ ከማውጣት ይቈጠብ፤ «ደራሲው የቱን ፈጠረ? በዚህ ታሪክ ውስጥ ድምፁ ያልተሰማ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ቢል ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ቤተሰብም ቢሆን በቤቱ እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ አያቶች የሚያነበውን ልጅ እየሰሙ በመካከል የራሳቸውን ትዝታ ሲጨምሩ ንባቡ ይደምቃል።

ለዚህ ክረምት የትኛውን እናስቀድም ለሚሉ መምህራን የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ለዐሥራ ሁለትና ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች መጽሐፈ ጦቢትን አንብቦ «ጦቢያ»ን ማስከተል፤ ለዐሥራ አራትና ለዐሥራ አምስት «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ከአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ጋር፤ ለትልልቆቹ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወይም «ሌ ሚዜራብል»ን። መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቹን በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም በጎርጎራ ወዳለው የኢየሱሳውያን ዘመን ፍርስራሽ መውሰድ ይቻላል። በዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ የአንዱን ወገን ታሪክ ያነበበ ልጅ የሌላውንም ወገን ታሪክ ይዞ እንዲሄድ፣ የወለተ ጴጥሮስ ገድል አጭር ክፍል ከአባ ፓኤዝ ታሪክ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢዘጋጅ ጥሩ ነው።